ሊቀ ክኒንና ሰባተኛው መደርደሪያ

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል። ከሐኪም የበለጠ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አልተመሠረተም፤ ወደፊትም የሚመሠረት አይመስለኝም። ሕንፃ ሲሠራ መሠረቱ ይቆፈራል፣ ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው ይለብሳል፣ ከዚያ እኚህ ሰው መጥተው ደረጃው ላይ ይቆማሉ። ውኃና መብራት ሳይገባ እሳቸው ገብተው ይጠብቃሉ። ጉንፋን ይዟችሁ ስታስነጥሱ፣ "ይማርህ" ከሚለው ቀድሞ "ምን እየወሰድክ ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላችሁ ከመጣ አትዙሩ። እሳቸው ናቸው።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ሊቀ ክኒን ናቸው። ማዕረጉን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ግን በአዋጅ የተሰጣቸው ያህል ኮታቸውን ቆልፈው ተቀብለውታል። ቁመታቸው አጭር፣ ኮታቸው ረጅም ነው። ከደረት ኪሳቸው አንድ እስክሪብቶና አንድ አጉሊ መነጽር አይጠፋም። እስክሪብቶው ለጌጥ ነው። አጉሊ መነጽሩ መድኃኒት የሚበላሽበትን ቀን ለማንበብ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሥልጣናቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመድኃኒት መጋዘን ንብረት ጠባቂ ነበሩ። ካርቶን ይቀበላሉ፣ ካርቶን ይደረድራሉ፣ ካርቶን ያስረክባሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር ሰው ሆድ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራ ማንም አልነገራቸውም፤ እሳቸውም ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራቸውም። የትኛው ካርቶን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚወጣ ግን በእንቅልፍ ልባቸውም ቢጠየቁ ይመልሳሉ። ከሐኪም ቤት የመጣ ሰው "ዶክተሩ እኮ እንዲህ ብሎኛል" ሲላቸው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጉና፣ "ልጄ፣ ዶክተሩ ስንት ዓመቱ ነው? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመድኃኒት ጋር ውዬ ነው የገባሁት!" ይላሉ።

በእሳቸው ሳይንስ የሰው ልጅ በሽታ ስምንት ብቻ ነው፤ መጋዘኑ ስምንት መደርደሪያ ነበረውና። አንደኛው ማስታገሻ፣ ሁለተኛው አንቲባዮቲክ፣ ሦስተኛው ደም ግፊት፣ አራተኛው ስኳር፣ አምስተኛው ጨጓራ፣ ስድስተኛው የልጆች ሽሮፕ፣ ስምንተኛው ፋሻና ጥጥ። ሰባተኛው በሽቦ የታጠረና ሁለት ቁልፍ ያለው ሲሆን የአእምሮ መድኃኒት የሚቀመጥበት ነበር። ስለ ሌሎቹ ሲናገሩ ደረጃው ሁሉ ይሰማል። ሰባተኛው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ይህ አቆጣጠር ቀስ በቀስ የሕንፃው ቋንቋ ሆነ። "አባባ እንዴት ናቸው?" ስትሉ "ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ተዛወሩ" ይሏችኋል፤ ደም ግፊት ላይ ስኳር ተጨመረባቸው ማለት ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው "አንቺ ሰውዬውን ሰባተኛ ልታስገቢው ነው!" የሚል ጎረቤት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከውጭ የመጣ እንግዳ እኛን ቢሰማን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማኅበር ነን ብሎ ያስባል።

ምድር ቤት የምትኖረው መምህርት የወለደች ጊዜ ልንጠይቃት ሄድን። ሰው ሁሉ ሕፃኑን ከቦ "ቁርጥ አባቱን!" "የለም፣ አያቱን ነው!" እየተባባለ ሳለ፣ ሊቀ ክኒን የሕፃኑን ቅባት አንሥተው በአጉሊ መነጽር ያገላብጣሉ። "አሥራ አራት ወር ይቀረዋል" ብለው መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ሕፃኑ ጎንበስ አሉ። ለእሱም ስንት ወር እንደሚቀረው ሊናገሩ ነው ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ደግነቱ "ክብደቱ ጥሩ ነው" ብቻ ብለው ቀና አሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ሰው ሞቶ ስንደርስ ደግሞ፣ የሟችን ሚስት እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው "እግዜር ያጥናሽ" አሏት። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ኀዘን፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ "የተረፈ ክኒን ካለ ለማንም እንዳትሰጪ" ብለው ጨመሩ። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታለቅሰው፤ ያን ጊዜ ገልጣ አየቻቸው።

የወንድሜን የቀለም ቆርቆሮ ሳይቀር ገልብጠው ቀን ይፈልጉለታል።

"ኧረ ሊቀ፣ ይሄ እኮ የግድግዳ ቀለም ነው" ይላቸዋል ወንድሜ።

"ግድግዳስ ቢሆን ጊዜው ያለፈበት ነገር ይቀባል እንዴ?"

ወንድሜን ካነሣሁ አይቀር እሱን ላስተዋውቃችሁ። ታላቄ ነው፣ እኔ እህቱ ነኝ፤ የሚኖረው ከእኔ በር ፊት ለፊት፣ ከሊቀ ክኒን አንድ ፎቅ በታች ነው። ሥራው ታፔላ መጻፍ ነው። በሰፈራችን ያሉ ዳቦ ቤቶች፣ ጫማ ሰፊዎችና መድኃኒት ቤቶች ስማቸውን በር ላይ ያወጡት በእሱ ብሩሽ ነው። ማስመሪያ ሳይዝ ባንድ ትንፋሽ ያሰምራል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለፎቶ ቤት ታፔላ "ፎ"ን ጨርሶ "ቶ" ላይ ሲደርስ ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል እጁ አብሮት አልጎነበሰም።

ስትሮክ ነው ተባለ። አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። እግሩ በምርኩዝ ተመለሰለት፤ አፉ በአንድ በኩል ትንሽ ጠመም ብሎ ቀረ። ቀኝ እጁ ግን እንደ ኮረፈ ዘመድ ከጎኑ ተቀምጦ ዝም አለው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሃያ የልብስ መቆንጠጫ ሰጠውና "ከዚህ ሣህን ጠርዝ እያነሣህ እዚያኛው ሣህን ጠርዝ ላይ ትሰካለህ፣ በቀን አምስት ጊዜ" አለው። የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰካ። በሦስተኛው ቀን መቆንጠጫዎቹን በግራ እጁ ገፍቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አርባ ዓመት ፊደል ሲያስውብ የኖረ እጅ መቆንጠጫ ልቀም ትሉኛላችሁ? ተዉኝ።"

ተዉኝ ማለቱን ወደደው። ምግብ ሲቀርብ ተዉኝ፣ መጋረጃ ሲገለጥ ተዉኝ፣ ጢምህን እንላጭህ ሲባል ተዉኝ። ባለሙያው በር ላይ ለይቶ አነጋገረን፤ "እጁ ገና ሊመለስ የሚችልበት ጊዜ ላይ ነን። እነዚህን ወራት ተኝቶ ካሳለፋቸው ግን ያጣውን ማግኘት ይከብደዋል" አለን። ስለዚህ ሚስቱና እኔ ይዘነው ሆስፒታል ወዳከመችው ሐኪም ሄድን። እሱ ወጣ ብሎ ደም ግፊቱን ሲለካ፣ ሁለታችን ሐኪሟ ፊት እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ተቀመጥን።

"ይህ ድባቴ ነው" አለች። "ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። መድኃኒት እጀምርለታለሁ።"

"እጁንስ ያንቀሳቅስለት ይሆን፣ ዶክተር?" አለች የወንድሜ ሚስት። አንድ ዘመዷ ስልኩ ላይ አንብቦ ነግሯት ነበር።

"እንደዚያ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። በኋላ ብዙ ሕመምተኞች የተሳተፉባቸው ትልልቅ ጥናቶች ሲሠሩ ክኒኑ እንቅስቃሴን እንደማያሻሽል ታየ። እኔ የምሰጠው ለድባቴው ነው። እጁን የሚያግዘው ልምምዱ ነው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ደግሞ ልምምድ አይሠራም። እንዳይወድቅ ጠብቁት፤ ክኒኑንም በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።"

ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር ሰምተን ስንወጣ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሁለታችን ያደረግነውን እነሆ እናገራለሁ።

"የድባቴ ነው ካልነው በመስኮት ነው የሚወረውረው" አለችኝ ሚስቱ በሹክሹክታ። እሱ ከፊታችን ተቀምጦ ውጭ ውጭውን ያያል።

"እና ምን እንበለው?"

"የእጅ ነው እንበለው።"

"የእጅ ክኒን?"

"ምን አለበት? የእግር ሹራብ አለ አይደል?"

ሎጂኩ አልገባኝም፤ ተስማማሁ ግን።

ወንድሜ የእጅ ክኒኑን ያለ አንድ ቃል ተቃውሞ ጀመረ። ግማሿ አረንጓዴ ግማሿ ነጭ፣ በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንድ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት መስታወት ጠየቀ። በአራተኛው መጋረጃውን ራሱ በግራ እጁ ገለጠ፤ ማታ ማታም መቆንጠጫዎቹን ወደ አልጋው እንድናቀርብለት አዘዘ። በአምስተኛው ሳምንት አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ተገናኙ፤ አሥራ አንድ መቆንጠጫ ሰካ።

"አየሽ!" አለኝ ላቡን በትከሻው እየጠረገ። "ክኒኗ ሠራችልኝ!"

"ሠራችልህ፣ ጋሼ" አልኩት። ውሸት እንዲህ ጣፋጭ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

በዚህ ሁሉ ጊዜ የምንፈራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ካርቶኑን የልብስ ስፌት ሳጥን ውስጥ ደበቅነው፤ ሊቀ ክኒን በመጡ ቁጥር ሚስቱ በር ላይ ቆማ "ተኝቷል" ትላለች። በአምስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ግን እሷ ወደ ሱቅ ወርዳ፣ መምህርቷና የታፔላው ባለቤት ፎቶ አንሺው ሊጠይቁት መጥተው፣ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልክ አራት ሰዓት ነው። ውኃው በብርጭቆ፣ ክኒኗ በስኒ ማስቀመጫ ላይ፣ ወንድሜም ለፎቶ አንሺው የጣቱን ታሪክ እያወራ ነው።

ሊቀ ክኒን በሩ ላይ ብቅ አሉ። አጉሊ መነጽሩ ከኪሳቸው አልወጣም፤ ወደ አልጋውም አልቀረቡም። አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው ስኒ ማስቀመጫውን አዩና፦

"ሰባተኛ መደርደሪያ!" አሉ።

የሌላ ሕንፃ ሰው ቢሆን ምንም አይገባውም ነበር። እኛ ግን በዚህ ቋንቋ ያደግን ያህል ነን። መምህርቷ ቡናማ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ፎቶ አንሺው ሳል ያዘው።

"የለም፣ ተሳስተዋል ሊቀ፣ የእጅ ነው" አልኩ።

"የእጅ?" አሉ፤ ሙያቸው ተነክቷል። "እህት ዓለም፣ ለእጅ የሚሆን ስምንተኛው ላይ ፋሻ ነው ያለው። ይቺ የድባቴ ናት! ሠላሳ አንድ ዓመት ከመድኃኒት ጋር ውዬ ነው የገባሁት፤ ይቺን ላጣት ነው?"

የመጨረሻውን ቃል እየተናገሩ የክፍሉን ሰው ፊት አዩ። አፋቸውን ዘጉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ጉርብትና ሊቀ ክኒን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ሌላ ሳይጀምሩ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ።

"እውነት ነው?"

ብርጭቆውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

"የእብደት ክኒን ነው እንዴ የምታስውጡኝ እናንተ?"

"እብደት አይደለም ጋሼ፣ ሐኪሟ እኮ..."

"ክኒኗ የእጅ ካልሆነች" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቶቹን እያየ፣ "የእጄም መንቀሳቀስ ውሸት ነው።"

ስኒ ማስቀመጫውን ገፋው። መቆንጠጫዎቹን ገፋቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሑድም፣ ሰኞም ያችን ክኒን አልቀመሰም፤ መቆንጠጫም አልነካም። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። "ሐሙስ አምጡት፤ እስከዚያ እውነቱን ንገሩት" አለችኝ። ነገርኩት። ለግድግዳው ነገርኩ ማለት ይሻላል።

ማክሰኞ ንዴቴን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። በአሥራ ስምንት ዓመት የሊቀ ክኒንን ቤት ረግጬ አላውቅም፤ እሳቸው ወደ ሁሉም ስለሚሄዱ ወደ እሳቸው የሚሄድ የለም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ነገር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወተቱ የተከፈተበት ቀን፣ ሳሙናው የገባበት ቀን፣ የአምፖሉ ዕድሜ። ወንበር አንድ ብቻ ነው። እሱን ለቀቁልኝ፤ አልተቀመጥኩም።

የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። "ምላስዎን መደርደሪያ ላይ ቢቆልፉት" የሚልም ነበረበት። እሳቸው ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ሰሙኝ።

"አፌ ቀደመኝ" አሉ ስጨርስ። "ሳያት አፌ ቀደመኝ።"

"እና አሁን ምን ይደረግ?"

"ቅዳሜ እዚያ የነበረው ማን ማን ነው?"

"እኔ፣ መምህርቷ፣ ፎቶ አንሺው።"

"ሁሉንም ነገ በአራት ሰዓት ጥሪልኝ።"

"ደግሞ ሊያስተምሩ ነው?"

"ከመጋዘን ዕቃ በስሕተት ከወጣ" አሉ፣ "በማን ፊት እንደ ወጣ ተይዞ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ነው የሚመለሰው። አንድ ሰው እንኳ ከጎደለ አይመለስም። ሕግ ነው።"

ረቡዕ አራት ሰዓት ሁላችንም ነበርን። ሚስቱ ለመጨረሻ ቅጣት ምት እንደ ተዘጋጀ በረኛ በሩ ላይ ቆማ ሊቀ ክኒንን ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና አሳለፈቻቸው። ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶናል። ሊቀ ክኒን ሰው መሟላቱን በዓይናቸው ቆጠሩ። ከውስጥ ኪሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ፈቱት። ግማሿ አረንጓዴ፣ ግማሿ ነጭ።

"ውኃ" አሉ።

ሚስቱ ሰጠቻቸው። ዋጧት።

"ስድስት ዓመት ሆነኝ" አሉ ብርጭቆውን እየመለሱ።

ፎቶ አንሺው ወንበሩን ሳብ አደረገላቸው፤ አልተቀመጡም።

"ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ሰባት ወር አልጋ ላይ ቀረሁ። እናንተ ልጁ ጋ ሄዷል ብላችሁ ነበር። የትም አልሄድኩም። እላይ ነበርኩ።"

ያ ጊዜ ትዝ አለኝ። ደረጃው ጸጥ ያለበት፣ በያዝነው የመድኃኒት ላስቲክ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም የማይጠይቅበት ጊዜ። ስንት ወር መሆኑን አልቆጠርንም። ጸጥታውን ግን ወደነው ነበር፤ "ቢቆዩ ይሻላቸዋል" እየተባባልን ስንስቅ ደረጃው ላይ የነበርኩት አንዷ እኔ ነኝ።

ከአልጋው በኩል የአንሶላ ድምፅ ተሰማ። ወንድሜ ዞረ። አሥራ ስምንት ዓመት "እርስዎ" ሲላቸው የኖረው ሰው ዓይናቸውን እያየ፦

"አንተም ሰባተኛ ነህ?" አላቸው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ስቆልፈው ኖሬ፣ በጡረታዬ ራሴ ገባሁበት።"

የወንድሜ አፍ በጠመመበት በኩል ተሳበ። እያለቀሰ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። ከስትሮኩ በኋላ እንደዚያ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ድምፁ የዛገ ማጠፊያ ይመስላል፤ እኛንም ያዘን። መምህርቷ በሣቁ መሐል ጎንበስ ብላ "እኔም ከወለድኩ በኋላ ስምንት ወር ወስጃለሁ" አለች። ከዚያ ሁላችንም ፎቶ አንሺውን አየነው። ምስኪን፣ ተጨነቀ።

"እኔ... አምስተኛ ብቻ ነኝ" አለ ጨጓራውን እየነካ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

"እና ያንተን ጣት አንቀሳቀሰልህ?" አለ ወንድሜ ወደ ሊቀ ክኒን ተመልሶ።

"ጣቴማ ደኅና ነበር። እግሬን ከአልጋ አወረደልኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደረጃ በራሴ ወረድኩት።"

ወንድሜ ያን ዕለት አልዋጠም። በአንድ ንግግር የሚሸነፍ ሰው ቢሆን ኖሮ ማስመሪያ ይጠቀም ነበር። ሐሙስ ግን ልብሱን ለብሶ ጠበቀን፤ ሐኪሟ ፊትም በራሱ አፍ ጠየቃት።

"ክኒኗ የእጅ ናት ወይስ አይደለችም?"

"አይደለችም" አለች ሐኪሟ፣ እኔን ገልመጥ አድርጋ። "የድባቴ ናት። እጅዎን አላንቀሳቀሰችም።"

"ታዲያ ጣቴን ማን ነው ያንቀሳቀሰው?"

"ማታ ማታ መቆንጠጫ ሲሰካ የነበረው ማን ነው?"

"እኔ ነኛ!"

"እንግዲህ እሱ ነው።"

አውቶቡሱ ውስጥ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያየው፣ ሲያየው መጣ፤ የጠፋ ዘመድ አድራሻ እንዳገኘ ሰው። ማታ መቆንጠጫዎቹን አስመጣ። ክኒኗንም በማግሥቱ ጀመረ፤ አሁን በስሟ ይጠራታል።

ከዚያ በኋላ ሊቀ ክኒን በየቀኑ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ብርጭቆ አጋጭተው ይውጣሉ፤ ቀጥሎ ሊቀ ክኒን ይቆጥራሉ፣ ወንድሜ ይሰካል፣ ጠብ ይነሣል።

"አሥራ ስድስት።"

"አሥራ ሰባት ነው፣ ዓይንህን ተመርመር!"

"አንዱ ወድቋል። የወደቀ ገቢ አይሆንም።"

ሕንፃው ውስጥም ነገር ተለወጠ። ማታ ማታ ወደ ላይኛው ፎቅ በእግር ጣቱ የሚወጣ ሰው በዛ። ልጇ እንቅልፍ እምቢ ያለው እናት፣ ሥራ ያቆመ ሹፌር፣ ባሏ የሞተባት የሦስተኛ ፎቋ ሴት። ሊቀ ክኒን ሌላ ሁለት ወንበር ገዙ። የሚገርመው፣ በሌሎቹ ሰባት መደርደሪያዎች ላይ አሁንም ከሐኪም በላይ የሚያውቁት ሰው፣ በሰባተኛው ላይ ሲጠየቁ "እሱን ሐኪሟን ጠይቋት፤ ከፈለጋችሁ አብሬ እሄዳለሁ" ብቻ ይላሉ።

እጁ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ እንደ ተረት አድርጌ ልነግራችሁ አልፈልግም። ቁልፍ ያዞራል፣ ማንኪያ ይይዛል፣ ሸሚዙን ይቆልፋል። ቀጭን መስመር እስከ ዛሬ እንደ ኮረፈው ነው።

በስድስተኛው ወር ለክትትል ስንሄድ ሊቀ ክኒን ሳይጠሩ መጡ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ለሾፌሩ ስለ ወገብ ሕመም አስረዱት። መዝገብ ክፍል ደረስን። የድሮው ካርድ ስለ ሞላ አዲስ ቅጽ ይሞላ ተባለ። ቅጽ መሙላት የእኔ ሥራ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው" በሚለው መስመር ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። እስክሪብቶውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

"ስጪኝ" አለ ወንድሜ።

በቀኝ እጁ ያዘው። ግራ እጁ ምርኩዙ ላይ ነው። ስሙን ጀመረ፤ ወረቀቱ ግን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ተንሸራተተበት። ያኔ ከጎኑ አጭር ክንድ ከረጅም ኮት ውስጥ ወጣችና ወረቀቱን በመዳፏ ያዘች።

ፊደሎቹ ወፍራምና የሚንቀጠቀጡ ነበሩ። አንዱ ፊደል ከመስመሩ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል። ስሙ። ዕድሜው። አድራሻው። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዷ ሰዓቷን ጮክ ብላ አነበበች። ሊቀ ክኒን አንድም ነገር አላሉም። ስለ እስክሪብቶው አላሉም፣ ስለ አያያዙ አላሉም፣ ሠላሳ አንድ ዓመትም አልተነሣም።

"በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው" የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ፣ የእኔን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጠበቅሁ። የማላውቀው ስም መጻፍ ጀመረ። ማን ነው ብዬ ቀና ስል ሊቀ ክኒን ፊደሎቹን በከንፈራቸው ሲከተሉ አየኋቸው። አሥራ ስምንት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ፣ የገዛ ስማቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ፣ ወንድሜ ፊደል በፊደል ሲጥለው ነው። ቅናት አልተሰማኝም ብል ዋሸሁ፤ መዋሸት ደግሞ ትቻለሁ። ቢሆንም ከእሳቸው የተሻለ የሚጠራ ሰው ሊኖር እንደማይችል ተረዳሁ፤ ሳይጠሩም የሚመጡ ሰው ናቸውና።

የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን ዘረጋ።

"ጨረሱ አባት? ሰው ተሰልፏል እኮ!"

ሊቀ ክኒን መዳፋቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም።

"ትንሽ ጠብቅ፣ ልጄ" አሉት። "እየጻፈ ነው።"